የተጠረገ ቤት ባዶውን አይደር
ሃይማኖት አእምሮን እንዴት ትጠብቃለች? እንዴትስ ታድሳለች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም ለ55 ቀናት ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከቅቤውና ከእንቁላሉ እንለያለን። ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ሱፉ ይፈለጋል። ሆዳችን መጾሙን ጎረቤትም ያውቃል። አእምሯችን መጾሙን ግን ከእግዚአብሔርና ከራሳችን በቀር ማን ያውቃል? ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ቂሙን ሲያመነዥክ ውሎ ሊሆን ይችላል። ከወተት የራቀ ሰው ከስጋት አልራቀ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ አእምሮ ጥበቃና ስለ አእምሮ መታደስ እንማማራለን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል (12፥43-45) ስለ አንድ ቤት አስተምሯል። ርኩስ መንፈስ ከአንድ ሰው ይወጣል። ማረፊያ ፈልጎ ሲያጣ ወደ ቀድሞ ቤቱ ይመለሳል። ሲደርስ ቤቱ ተጠርጓል፣ አምሯል፤ ሰው ግን የለበትም። ያን ጊዜ ከእርሱ የባሱ ሰባት አስከትሎ ይገባል፤ የሰውየውም ኑሮ ከበፊቱ የከፋ ይሆናል።

ልብ በሉ! የዚያ ቤት ጥፋቱ መቆሸሹ አልነበረም። ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ ባዶ መሆኑ ነው። ጾም ቤቱን ይጠርጋል፤ ጠርጎ ግን ባዶውን የሚተው ጾም ቤቱን ለባሰ እንግዳ ያዘጋጃል። የዚህ ትምህርት ዋና ነጥብ ይኸው ነው፦ አእምሮ የሚጠበቀው ክፉውን በማስወጣት ብቻ አይደለም፤ በበጎ ነገር በመሙላት ነው።

1. ክፉ ነገር በየት በር ይገባል?

አባቶቻችን ኃጢአት በሦስት መንገድ ይሠራል ይላሉ፦ በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር። ይኸውም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን እዩት። እጅ ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት አፍ ተሳድቧል፤ አፍ ከመሳደቡ በፊት ልብ ሲያብሰለስል አድሯል። ቃየል ወንድሙን በሜዳ ከመግደሉ በፊት ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ እግዚአብሔርም አስቀድሞ የጠየቀው ስለ እጁ አልነበረም፣ ስለ ፊቱ መጥቆር ነበር (ዘፍ. 4፥5-7)። ማስጠንቀቂያው የመጣው ነገሩ ገና አሳብ ሳለ ነው። ገና አሳብ ሳለ ይመለሳልና!

ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ይህን ዓለም መስሎ ከመኖር የሚያወጣው የልብ መታደስ መሆኑን አስተምሯል (ሮሜ 12፥2)። ንስሐ የሚለውን ቃል የግሪኩ መጽሐፍ «ሜታኖያ» ይለዋል፤ የአሳብ መለወጥ ማለት ነው። እንግዲህ ንስሐ ያለፈውን ማልቀስ ብቻ አይደለም፤ ዕንባው ከደረቀ በኋላ በሌላ አሳብ መኖርም ነው።

2. የካማሺ ሰው ሸክም

ይህን ነገር በሩቅ አገር ምሳሌ አንናገረው። በአገራችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በዓባይና በዴዴሳ ሸለቆ አካባቢ ያለውን የካማሺን ዞን እናንሣ። ጉሙዙ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሽናሻው በአንድ ገበያ የሚገናኝበት፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ነው።

መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም. አራት የዞኑ ኃላፊዎች በታጠቁ ሰዎች ተገደሉ። ዕለቱ የደመራ ዕለት ነበር። ከዚያ በኋላ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ቤት ተቃጠለ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ወለጋ ተሰደደ። የሸሸው የአንድ ወገን ሰው ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሴዳል ወረዳ አብዛኛው ክፍል በታጣቂዎች እጅ መውደቁን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጾ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ።

ስምምነት ሲፈረም ደስ ይላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ወረቀት ላይ የሚፈርም እጅ ነው፤ አእምሮ ገና አልፈረመም። ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው ቤቱን በሣርና በቀርከሃ መልሶ ይሠራው ይሆናል። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ግን ብድግ ይላል። ገበያ ሲወጣ አንድ ፊት ያያል፤ «ይህ ሰው ያን ቀን የት ነበር?» ይላል በልቡ። ሕፃኑ ጭስ ሲያይ ያለቅሳል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንዲሉ፣ ሰውነት ቤቱ ገብቶ አሳብ ገና በስደት ላይ አለ።

ይህ የካማሺ ሰው ሸክም ብቻ አይደለም። በከተማ ያለነውም በክፍለ ሀገር ያለነውም፣ ልጁን ያጣው፣ ከሥራው የተፈናቀለው፣ በወንድሙ የተካደው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሁለት እንግዶች በባዶ ቤት ይቀመጣሉ፦ አንዱ ፍርሃት ነው፣ ሌላው ቂም። ፍርሃት «ነገ ደግሞ ይደርስብሃል» ይላል። ቂም «ትናንት የደረሰብህን አትርሳ» ይላል። በሁለቱ መካከል የዛሬው ቀን ይበላል። ታዲያ ሃይማኖት ለእንዲህ ያለ አእምሮ ምን ታደርጋለች?

3. አንደኛ፦ ጠባቂ በማማ ላይ ታቆማለች

የቆላ አገር ሰው ማሽላ እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል። እህሉ ሲያሽት ማማ ይሠራል፤ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ይወጣል። ወፉ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ማለዳና ወደ ማታ ነው። ጠባቂው ማለዳ ከተኛ፣ ረፋዱ ላይ ወጥቶ ቢጮኽ ምን ይጠቅመዋል? ዘለላው ተራቁቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ጥሩ ጠባቂ ወፍ ሲያይ የሚነሣ አይደለም፤ ሰዓቱን አውቆ ቀድሞ የሚገኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ሰባት የጸሎት ጊዜያትን የሠራችልን በዚህ ጥበብ ነው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በየሰዓቱ አእምሮ የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል። በቀትር የጌታን መሰቀል፣ በተሰዓት ነፍሱን መስጠቱን፣ በሠርክ መቀበሩን ያስባል። የራሱን ቁስል ብቻ ሲያይ የዋለ ሰው የጌታውን ቁስል ያያል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ባይጠፋም ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል።

«እኛ ገበሬዎች ነን፣ ነጋዴዎች ነን፣ ሰባቱን ሰዓት እንዴት እንችላለን?» የሚል ይኖራል። ሁሉን ያልቻለ ሁለቱን ይያዝ፦ ማለዳ ከእንቅልፉ ሲነቃና ማታ ሳይተኛ። ክፉ አሳብ የሚበረታባቸው ሰዓታት እነርሱ ናቸውና። ማለዳ ስልክህን ከፍተህ የሰውን ጠብና ሟርት ከመስማትህ በፊት አማትብ፣ አባታችን ሆይ በል፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገም። ማታም በሰማኸው ወሬ ሳይሆን በጸሎት ተኛ። በመጀመሪያው ሳምንት አሳብህ ይበታተንብሃል። አትደንግጥ፤ ጠባቂም ወፉን አንዴ አባሮ አይቀመጥም።

4. ሁለተኛ፦ ቤቱን በበጎ ትሞላለች

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ አትጨነቁ ብሎ ብቻ አልተወም። ጭንቀታቸውን በጸሎትና በምስጋና ለእግዚአብሔር እንዲነግሩት፣ ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ሰላም ልባቸውንና አሳባቸውን እንደሚጠብቅ አስተማረ። ወዲያውም እውነት የሆነውን፣ ንጹሕ የሆነውን፣ መልካም ወሬ ያለበትን ሁሉ እንዲያስቡ አዘዛቸው (ፊልጵ. 4፥6-8)። ሐዋርያው የቤቱን ነገር አውቆታል፦ ጭንቀቱን አውጡ፣ ምስጋናውን አስገቡ።

በምን እንሞላው? በመጽሐፈ መነኮሳት ያሉ አባቶች፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ስለ አሳብ ውጊያ በስፋት አስተምረዋል። እኛ ምእመናን ግን በእጃችን ካለው እንጀምር። ዳዊት አለ፤ 150 መዝሙር። ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። ስግደት አለ፤ ሰውነት መሬት ሲነካ አእምሮም ከትዕቢቱ ይወርዳል። ሥጋ ወደሙ አለ። የታመመ ጎረቤት መጠየቅ አለ፤ የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ሰው ውኃ መቅዳትም አእምሮን ይሞላል። ዘወትር ስለ ራሱ ብቻ የሚያስብ አእምሮ እንደ ተዘጋ ክፍል ነው፤ አየሩ ይከብዳል። ለሌላ የሚሠራ ሰው መስኮት ከፈተ ማለት ነው።

5. ሦስተኛ፦ ቂምን በንስሐ ታወጣለች

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር እንነጋገር። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሌባ ቢደበቅም ሳሉ ያጋልጠዋል፤ ቂመኛም ቢጸልይ ቂሙ ጸሎቱን ያጋልጥበታል። ጌታችን መባ ይዞ በመሠዊያ ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑ ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል (ማቴ. 5፥23-24)። በቅዳሴያችንም ዲያቆኑ እርስ በርስ በሰላምታ እጅ እንድንነሣሣ ያዝዘናል። ብዙዎቻችን ግን እጅ የምንነሣው ከአጠገባችን ለቆመው ለማናውቀው ሰው ነው። በቅያሜ የምንተላለፈው ሰው ግን በሌላው ዓምድ ሥር ቆሟል!

«ቤቴን ያቃጠለውን፣ ወንድሜን የገደለውን እንዴት ይቅር ልበል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚመልስ ሰው ካለ ቁስሉን አላየም። ሆኖም ሁለት ነገር እንለይ። ይቅርታ ማለት በደሉን አልተደረገም ማለት አይደለም። የበደለ ለሕግ ይቀርባል፤ የተወሰደ ይመለሳል፤ እውነቱ ይነገራል። ይቅርታ ማለት በቀልን ከአእምሮ ቤት ማስወጣት ነው። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ኃጢአታቸው እንዳይቆጠርባቸው ለመነ (ሐዋ. 7፥60)። ድንጋዩ አላቆመም፤ የእስጢፋኖስ አእምሮ ግን በድንጋዩ አልተያዘም። በዚያ ቦታ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ሳውል በኋላ ጳውሎስ ሆኗል። ዛሬ የምንጠላው ሰው ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ሌላም ነገር አለ፤ በደሉን ያደረሰው ሰው አንድ ሲሆን ቂሙ ለሕዝብ በሙሉ ይተርፋል። «እነርሱ እንዲህ ናቸው» እንላለን። እግዚአብሔር ግን ሰውን በስሙ ይጠራል እንጂ በወገኑ አይፈርድም። በካማሺና በወለጋ አዋሳኝ በኦሮሞና በጉሙዝ መካከል «ሚቹ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ሚቹ በኦሮምኛ ወዳጅ ማለት ነው። አንዱ ቤተሰብ ከሌላው ጋር በቃል ኪዳን ወዳጅ ይሆናል። የአገር ሽማግሌዎች ጠብን በወዳጅነት መዝጋት እንደሚቻል ያውቁ ነበር ማለት ነው። የክርስቶስን ሥጋና ደም የምንቀበል እኛ ከዚህ ብናንስ ምን እንባላለን?

ቂሙ አልወጣ ያለህ ወንድሜ፣ እኅቴም፣ ሁሉን በአንድ ቀን አትጠብቁ። የንስሐ አባታችሁን ጥሩና «ይቅር ማለት አቅቶኛል» ብላችሁ ንገሩ። ይህም ራሱ ንስሐ ነው። ከዚያ በየቀኑ አንድ ጊዜ የዚያን ሰው ስም በጸሎት ጥሩ። በመጀመሪያ ስሙ አፋችሁ ውስጥ ይመራል። ቢመርም ጥሩት። የምትጸልዩለትን ሰው ጠልታችሁ መዝለቅ ይከብዳችኋል።

6. አእምሮ ሲታመምስ?

አንዳንድ ሰው እንቅልፍ ካጣ፣ እህል ከጠላ፣ ከሰው ከተለየ ወራት ያልፉታል። መሞት የሚመኝም አለ። እንዲህ ላለው ሰው «እምነትህ ቢበረታ አይደርስብህም ነበር» ማለት በደል ነው። ነቢዩ ኤልያስን እዩ። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው፣ ወዲያው ኤልዛቤል ስትዝትበት ወደ በረሃ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም፣ አልሰበከውም። አስቀድሞ አስተኛው። ከዚያ መልአክ ላከለት፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ በላ። ከዚህ በኋላ ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው (1ኛ ነገ. 19፥1-8)። እግዚአብሔር ለደከመ አእምሮ እንቅልፍንና ምግብን ካልናቀ እኛ ለምን እንንቃለን?

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒትም እንዲሁ። በ1999 ዓ.ም. አምስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ አስተምረው ነበር፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አይጣሉም አሉ። ይህ ትምህርት ለአእምሮ ሕሙማንም ይሠራል። ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ጥሎ ጠበል መሄድ የእምነት ብርታት አይደለም። ጠበሉን ጠጡ፣ ተጠመቁ፤ ክኒኑንም በሰዓቱ ዋጡ። ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባት ጋር ተነጋገሩ። የታመመውን ሰው ማሰርና መደብደብም የክርስቲያን ሥራ አይደለም። «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ስትሰሙ ደግሞ ብቻውን አትተዉት። አብራችሁት እደሩ፤ ሲነጋ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

7. የተመለሰ አእምሮ ወዴት ይሄዳል?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የጌርጌሴኖኑን ሰው እናገኛለን። በመቃብር ይኖር ነበር፤ ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ራሱን በድንጋይ ይቧጭራል። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ሰዎች ሲመጡ ልብስ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ ረግቶ ተቀምጦ አገኙት። ያ ሰው ከጌታ ጋር በታንኳው መሄድ ለመነ። ጌታ አልፈቀደለትም። ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ሰደደው።

ይህ ትእዛዝ ከባድ ነው። በዚያ መንደር ያሰሩት፣ የፈሩት፣ የሸሹት ሰዎች አሉ። ነገር ግን የታደሰ አእምሮ ፈተናው እዚያው ነው፦ በታወቀው ደጅ፣ በታወቀው ጎረቤት መካከል። ወደ ካማሺ የተመለሰ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር እንደገና ደቦ ሲወጣ፣ ልጁን «እነዚያን ጥላቸው» ብሎ ከማስተማር ሲታቀብ፣ ያ ቤት ባዶ አይደለም። በቤቱ ባለቤቱ ክርስቶስ ገብቶበታል።

የሳምንቱ ተግባር

በዚህ ሳምንት አራት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ማለዳና ማታ በማማችን ላይ እንገኝ፤ ሳንጸልይ ወሬ አንስማ። ሁለተኛ፣ ከምግባችን የተረፈውን ለአንድ የተቸገረ ቤት እናድርስ። ሦስተኛ፣ የተቀየምነውን አንድ ሰው ስሙን በጸሎት እንጥራ፤ የሚቻል ከሆነ ሽማግሌ እንላክ። አራተኛ፣ አእምሮው የደከመ ሰው ካወቅን ሄደን አብረነው እንቀመጥ፤ ምክር ባናውቅ እንኳ ዝም ብለን እንቀመጥ።

ራሳችሁንም ጠይቁ፦ በዚህ ጾም ከቤቴ ምን አወጣሁ? በምትኩስ ማንን አስገባሁ?

የሰላም ባለቤት አምላካችን አሳባችንን ይጠብቅልን። በካማሺና በመላው ኢትዮጵያ የፈራውን ያረጋጋልን፣ የተቀየመውን ያስታርቅልን፣ የተሰደደውን ይመልስልን። ጾሙን ጾመ ድኅነት ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።